የሲንጋፖር የአንድ ቀን ገበታ



ስለ ከተማ በሚነገርበት ጊዜ በቅድሚያ የሚነሡት ሕንፃው፣ መንገዱ፣ ድልድዩና የውሃው መሥመር ናቸው። ይህም ለሙያው ሰው የተገባ ነው። ሆኖም ከተማ ማለት ከሁሉ አስቀድሞ ብዙ ሰው በጠባብ ቦታ ተሰብስቦ በየቀኑ የሚበላበት ስፍራ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ገበሬ ከጎተራው ይበላል፤ የከተማ ሰው ግን አንዱ ተሸክሞ፣ ሌላው አብስሎ፣ ሦስተኛው ሸጦ ካላቀረበለት በቀር ጦሙን ያድራል። ስለዚህም የአንድ ከተማ ፕላን ደግ ወይም ክፉ መሆኑን ለመመዘን ከሚያስችሉት መስፈርቶች አንዱ፣ አነስተኛ ገቢ ያለው ሠራተኛ በእኩለ ቀን ከሥራው ወጥቶ ንጹሕና ትኩስ ምግብ በአቅሙ ለመብላት መቻሉ ወይም አለመቻሉ ነው።

ይህን ጥያቄ ለመመርመር ሲንጋፖርን ያህል ግልጽ ምሳሌ የሚሆን ከተማ ጥቂት ነው። ሲንጋፖር በማላይ ልሳነ ምድር ጫፍ፣ ከምድር ወገብ አንድ ዲግሪ ያህል በስተሰሜን የምትገኝ ደሴት ስትሆን፣ ከተማም አገርም ናት። የመሬቷ ስፋት ከ730 ካሬ ኪሎ ሜትር እምብዛም አይበልጥም፤ የሚኖርባት ሕዝብ ግን 6 ሚሊዮን ያህል ነው። ይኸውም በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ8 ሺህ በላይ ሰው ይኖራል ማለት ነው። የእርሻ መሬቷ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ከምትመገበው ምግብ ከመቶው ዘጠና እጅ የሚበልጠውን ከውጭ ታስገባለች። በ1819 የእንግሊዞች የንግድ ወደብ ሆና ከተቆረቆረች ጀምሮ ቻይናዊው፣ ማላዩ፣ ሕንዳዊው፣ ዐረቡና ሌላውም ሁሉ እንጀራውን ፍለጋ መጥቶባታል፤ ነፃ አገር የሆነችውም በ1965 ነው። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ይህ ሁሉ ሕዝብ የሚበላውን የሚያገኝበትን መንገድ ለመረዳት የስታቲስቲክስ መጻሕፍትን ማገላበጥ ብቻ አይበቃም፤ ከጠዋት እስከ ማታ ከተማዪቱን በእግር እየዞሩ፣ እየበሉም መመልከት ያስፈልጋል።

ጠዋት ሙቀቱ ሳይበረታ ጉብኝቱን ለሚጀምር መንገደኛ ቲዮንግ ባሩ የተባለው ሰፈር ተስማሚ መነሻ ነው። ይህን ሰፈር ያሠራው በ1927 የተቋቋመው የሲንጋፖር ማሻሻያ ባለአደራ የተባለ የቅኝ ግዛት ዘመን መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ ከ1936 ጀምሮ የተሠሩት ነጫጭና ዝቅ ያሉ፣ ጥጋቸው የተጠማዘዘ ፎቆች ለከተማዪቱ ከመጀመሪያዎቹ የሕዝብ መኖሪያዎች መካከል ይቈጠራሉ። በሰፈሩ መካከል ባለ ሁለት ደርብ ገበያ አለ። ከምድር ቤቱ ዓሣው፣ አትክልቱ፣ ሥጋውና አበባው ይሸጣል፤ ከላይኛው ደርብ ደግሞ የበሰለ ምግብ ይቀርባል። ጥሬውና ብስሉ በአንድ ጣራ ሥር፣ አንዱ ከሌላው በላይ መቀመጡ ለዓይን ቀላል ነገር መስሎ ይታያል። ነገር ግን የሰፈሩ ሰው ቁርሱን በልቶ፣ የዕለቱን አስቤዛ ገዝቶ፣ በእግሩ ወደ ቤቱ እንዲመለስ ያስቻለው ይኸው አሠራር ነው።

ቁርሱ ብዙውን ጊዜ ቡና፣ በከሰል ወይም በምጣድ የተጠበሰ ዳቦና በከፊል የተቀቀለ እንቁላል ነው። ዳቦው ላይ የሚቀባው ካያ የተባለው ማርማላታ ከእንቁላል፣ ከስኳርና ከኮኮናት ወተት ይሠራል፤ ጠረኑን የሚያገኘው ፓንዳን ከሚባል ረጅም ቅጠል ነው። እንቁላሉ በሳሕን ላይ ይፈሰስና በአኩሪ አተር ስጎና በነጭ ቁንዶ በርበሬ ይቀመማል። በአጠገቡም ቹዊ ኩዌ የተባለው፣ ከሩዝ ዱቄት በእንፋሎት የበሰለና በጨው የቆየ ራዲሽ ተፈጭቶ የሚነሰነስበት ትንሽ ነጭ ቂጣ ይሸጣል።

የቡና አገር ሰው ግን የመጀመሪያውን ጉንጭ ሲጎነጭ መደናገሩ አይቀርም። የሲንጋፖር ቡና ጥቁር፣ ወፍራምና መራራ ሲሆን፣ ፍሬው በስኳርና በማርጋሪን ተቈልቶ፣ እንደ ካልሲ በሚረዝም የጨርቅ ማጥለያ ተጠልሎ፣ በጣፋጭ የጣሳ ወተት ይቀርባል። የዚህም ምክንያት በታሪክ ይታወቃል። ከኢትዮጵያ ደኖች የተገኘው ዐረቢካ የተባለው የቡና ዘር በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በሲሎንና በጃቫ እርሻዎች ላይ በሰፊው ተተክሎ ሳለ የቅጠል ዋግ የተባለ በሽታ ገብቶ አወደመው። የእርሻዎቹ ባለቤቶችም በሽታውን በተሻለ የሚቋቋመውንና በሞቃት ቆላ የሚበቅለውን፣ ከመካከለኛው አፍሪካ የመጣውን ሮቡስታ ተከሉ። እርሱ በጣዕሙ ሻካራ ስለሆነ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ቡና አፍይዎች በስኳርና በቅባት መቍላትን ለመዱ። እንግዲህ በዚያች ሲኒ ውስጥ ያለው ምሬት የአንድ የተክል በሽታ ታሪክ ነው። የማዘዣው ቋንቋም እንደ ቡናው የተቀላቀለ ነው፤ «ኮፒ» የማላይ ቃል ነው፤ ያለ ወተት የሚፈልግ «ኮፒ ኦ» ይላል፤ «ኦ» በሆኪየን ቻይንኛ ጥቁር ማለት ነው፤ ስኳር የማይፈልግ ደግሞ «ኮሶንግ» የሚለውን፣ በማላይ ባዶ ማለት የሆነውን ቃል ይጨምራል። ሁለት ሕዝቦች በአንድ የቡና ትእዛዝ ውስጥ ይገናኛሉ።

ከቁርስ በኋላ ወደ አሮጌው የቻይናውያን ሰፈር የሚሄድ ሰው በሳውዝ ብሪጅ መንገድ ላይ ለማመን የሚያስቸግር ጉርብትና ያያል። በ1826 የተመሠረተው የጃማዔ መስጊድና በ1827 የተመሠረተው፣ ከከተማዪቱ የሂንዱ ቤተ መቅደሶች ሁሉ የሚቀድመው የስሪ ማሪያማን ቤተ መቅደስ በአንድ መንገድ ዳር፣ ጥቂት እርምጃ ተራርቀው ቆመዋል። ሁለቱም ያሉት የቻይናውያን በተባለው ሰፈር ውስጥ ነው። የእንግሊዙ ሹም ራፍልስ በ1822 ባወጣው የከተማ ፕላን ለየሕዝቡ የተለያየ ሰፈር ቢመድብም፣ ጸሎትና ንግድ የካርታውን መሥመር አላከበሩም።

ከዚያ ፕላን ለዛሬው ሰው ትልቅ ጥቅም የሰጠው ሌላው ድንጋጌ ነው። ራፍልስ በመንገድ ዳር የሚሠራ ቤት ሁሉ ከፊቱ የተሸፈነና ያልተቋረጠ መተላለፊያ እንዲኖረው አዘዘ፤ ይህም ባለ አምስት ጫማ መተላለፊያ ተብሎ እስከ ዛሬ ይጠራል። ምድሩ ሱቅ፣ ፎቁ መኖሪያ በሆኑት ጠባብና ረጃጅም ቤቶች ሥር መንገደኛው ከወገብ ምድር ፀሐይና ከድንገተኛው ዝናብ ተጠልሎ ይሄዳል። ነገር ግን ጥላ ባለበት ሁሉ ሻጭ መቀመጡ አይቀርምና፣ መተላለፊያው ገና ከጥንቱ የምግብ ሻጩ፣ የጫማ ሰፊውና የጸጉር ቈራጩ ቦታ ሆነ። እግረኛው ይለፍ ወይስ ሻጩ ይቀመጥ የሚለው ክርክር ከመቶ ዓመት በላይ የማዘጋጃ ቤቱን ሹማምንት አስጨንቋል።

ጥቂት ወረድ ሲሉ በቴሎክ አየር መንገድ ላይ የቲያን ሆክ ኬንግ ቤተ መቅደስ ይገኛል። ከ1839 እስከ 1842 የተሠራው ይህ ቤተ መቅደስ የባሕርተኞች ጠባቂ ናት ተብላ ለምትታመነው ለማዙ የተሰጠ ነው። ከደቡብ ቻይና በጀልባ የመጣው ስደተኛ ከማዕበሉ ተርፎ እግሩ መሬት ሲረግጥ በመጀመሪያ የሚያመሰግነው በዚህ ነበር። የዛሬው ጐብኚ ግን ባሕሩን ቢፈልግ አያገኘውም። የመንገዱ ስም በማላይ ቋንቋ የውሃ ወሽመጥ ማለት ሲሆን፣ ወሽመጡ ከአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በአፈር ተሞልቶ ዛሬ የባንክ ሕንፃዎች በቅለውበታል።

እኩለ ቀን ሲሆን የቢሮው ሠራተኛ፣ የግንበኛው ጓድ፣ ጡረተኛውና ተማሪው ሁሉ ወደ ማክስዌል የምግብ አዳራሽ ይጎርፋል። ቀድሞ የጥሬ ምግብ ገበያ የነበረው ይህ ስፍራ በሰማንያዎቹ ዓመታት አጋማሽ ወደ ምግብ አዳራሽነት ሲለወጥ፣ በአቅራቢያው ባለው የቻይና መንገድ ላይ ያበስሉ የነበሩት ሻጮች ገቡበት። በሲንጋፖር ሰዎች አጠራር ሆከር ሴንተር የሚባለው አዳራሽ ግድግዳ የለውም፤ ጣራው ከፍ ያለ ነው፤ ነፋስ እንዲያልፍበት አራቱም ጎን ክፍት ነው። ጠባብ ጠባብ የማብሰያ ክፍሎች በረድፍ ተደርድረዋል፤ እያንዳንዳቸው የውሃ ቧንቧ፣ መብራትና ፍሳሽ ገብቶላቸዋል። ጠረጴዛው የሁሉም ነው። መቀመጫ መያዝ የፈለገ ትንሽ የወረቀት መሐረብ ጥቅል በጠረጴዛው ላይ ጥሎ ወደ ሰልፉ ይሄዳል፤ ይህችን ጥቅል አንሥቶ የሚቀመጥ ሰው አይገኝም። በሕግ ያልተጻፈ ሕግ ማለት ይህ ነው።

የዚህ አዳራሽ ታዋቂ ምግብ የሃይናን ዶሮና ሩዝ ነው። ዶሮው ሳይፈላ በሚንተከተክ ውሃ ቀስ ብሎ ይበስልና ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ ይነከራል፤ በዚህም ቆዳው ይለሰልሳል፣ ሥጋው አይደርቅም። ሩዙ በዶሮው ስብ ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ተነክቶ በመረቁ ይበስላል። በርበሬ፣ ዝንጅብልና ሎሚ ያለበት ዳጣ መሰል ማባያ ይቀርብለታል። ለዓይን ነጭ በነጭ የሆነና ምንም የማይመስል ምግብ ነው፤ ጥበቡ ሁሉ በመረቁና በእሳቱ ልክ ላይ ነው። ባለሙያዎቹ ከሃይናን ደሴት የመጡት ስደተኞች ናቸው። እነርሱ ወደ ሲንጋፖር ሲደርሱ ሌሎቹ የቻይና ነገዶች ዋና ዋናውን ንግድ አስቀድመው ይዘውት ስለነበረ፣ ብዙዎቹ በሰው ቤት ወጥ ቤትነትና በቡና ቤት ሥራ ተሰማርተው ነበር። በአጠገቡ ያለው ማላይ ሴት በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ሩዝ ከደቃቃ የደረቁ ዓሦች፣ ከኦቾሎኒና ከኪያር ጋር ታቀርባለች። ከዚያ ቀጥሎ ሌላው በሚነድ ትልቅ የብረት ድስት ላይ ሰፋፊ የሩዝ ኑድል ከእንቁላልና ከዛጎል ዓሣ ጋር ያገላብጣል። ሙስሊሙ የአሳማ ሥጋ አይበላም፤ ሂንዱው የላም ሥጋ አይቀምስም፤ ሆኖም ሁሉም በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጣሉ። የሙስሊሙ ሳሕንና ትሪ ተለይቶ የሚመለስበት የራሱ መደርደሪያ አለው። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በየራሱ ሥጋ እየበላ በአንድ ድግስ መታደምን ለለመደ የኢትዮጵያ ሰው ይህ ሥርዓት እንግዳ አይሆንበትም።

እዚህ ላይ፣ እንዲህ ያለው አዳራሽ እንዴት ተፈጠረ የሚለው ጥያቄ መነሣት አለበት፤ የቀኑም ዋና ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሲንጋፖር ሥራ ያጣው ሰው ብዙ ነበር፤ ጥቂት ገንዘብና አንድ ድስት ያለው ሁሉ መንገድ ላይ ወጥቶ ምግብ ሸጠ። አንዱ ምድጃውንና ሳሕኑን በትከሻው ላይ በምሳሌ ሸክም አንጠልጥሎ ይዞራል፤ ሌላው በጋሪ ይገፋል። የኑድል ሻጩ ረዳት ሁለት የቀርከሃ ቁራጮችን እያጋጨ ከፊት ይሄድና በድምፁ ደንበኛ ይጠራል፤ ትእዛዝ ተቀብሎም ትኩሱን ሳሕን እስከ ደጃፍ ያደርሳል። ይህ ለሕዝቡ ትልቅ አገልግሎት ነበር። በሌላ በኩል ግን የቧንቧ ውሃ ስላልነበረ ሳሕኑ ሁሉ በአንድ ባልዲ ውሃ ደጋግሞ ይታጠባል፤ ትራፊው ወደ ቦይ ይደፋል፤ ቦዩም ወደ ወንዝ ይፈስሳል፤ አይጥና ዝንብ ይራባል፤ መንገዱም ይታጠራል። በ1950 የምግብ ሻጮችን ጉዳይ እንዲመረምር የተቋቋመው ጉባኤ ሪፖርቱን ያቀረበው በዚህ ሁኔታ ነው። በአንድ ወገን የቆሙት ሻጮቹ ይወገዱ ይሉ ነበር፤ በሌላው ወገን ደግሞ ሻጮቹ ቢወገዱ እነርሱም ደንበኞቻቸውም ይራባሉ የሚሉ ነበሩ። ሁለቱም ወገኖች እውነት ነበራቸው።

መፍትሔው የተገኘው በሦስት ደረጃዎች ነው። በመጀመሪያ፣ በ1968 እና በ1969 በደሴቲቱ ሁሉ ምዝገባ ተደርጎ 18,000 ያህል የመንገድ ላይ ሻጮች ጊዜያዊ ፈቃድ ተሰጣቸው። ይኸውም መንግሥት ሰዎቹን ከማንሣቱ አስቀድሞ ስንት እንደሆኑ፣ የት እንደሚቀመጡና ምን እንደሚሸጡ ዐወቀ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ሻጮቹ ከዋና ዋና ጎዳናዎች ወደ ጓሮ መንገዶች፣ ወደ መኪና ማቆሚያዎችና ወደ ባዶ ቦታዎች ለጊዜው ተዛወሩ። ሦስተኛ፣ ከ1971 እስከ 1986 ባሉት ዓመታት ውሃ፣ መብራትና ፍሳሽ የገባላቸው አዳራሾች ተሠርተው ሻጮቹ በየተራ ገቡባቸው። ሥራው ለብቻው የቆመ አልነበረም። በ1960 የተቋቋመው የቤቶች ልማት ቦርድ ሕዝቡን ከጐስቋላ መንደሮች ወደ ፎቅ ሲያዛውር የምግቡ አዳራሽ ከሰፈሩ ፕላን ጋር አብሮ ይነደፍ ነበር። በ1977 የተጀመረው የሲንጋፖርን ወንዝ የማጽዳት ዘመቻም በ1987 ሲፈጸም፣ በወንዙ ዳር የነበሩት ሻጮች መዛወር ለዘመቻው መሳካት አንዱ ምክንያት ነበረ።

ይሁንና ታሪኩን በምስጋና ብቻ መጨረስ ሚዛናዊ አይሆንም። ፈቃድ ሳይኖራቸው በመንገድ ላይ በሸጡት ላይ የቁጥጥር ጓድ ተሰማርቶ ጋሪና ዕቃ ይወረስ ነበር። ከለመዱት ጥግ ተነሥተው ደንበኛ ወደማያውቃቸው አዳራሽ የገቡ፣ ኪራይ ከፍለው የማያውቁ ሻጮች ሥጋት እንዲያድርባቸው በቂ ምክንያት ነበራቸው። የቀርከሃው ድምፅ ከመንገዱ ጠፋ። ትኩስ ምግብ እስከ ደጃፍ ይመጣለት የነበረ ሽማግሌ ወደ ምግቡ መሄድ ግድ ሆነበት። ንጽሕና ዋጋ አለው፤ ዋጋውንም ከሁሉ በፊት የከፈለው ምንጊዜም ጋሪ ገፊው ነው።

ከሰዓት በኋላ መንገደኛው ወደ ሰሜን ቢያቀና በሂል መንገድ ላይ በ1835 የተሠራችውንና በ1836 የተባረከችውን የአርመን ቤተ ክርስቲያን ያገኛል። ከሲንጋፖር አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ በዕድሜ የምትበልጠው ይህች ናት። ነጭ፣ ትንሽና ክብ አዳራሽ ያላት ስትሆን፣ ስሟም የአርመን ሐዋርያ በሆነው በቅዱስ ጎርጎርዮስ ብርሃን አብሪው ተሰይሟል። የነደፋት አየርላንዳዊው ጆርጅ ኮልማን ነው። ያሠሯት አርመናውያን ነጋዴዎች ጥቂት ቤተሰቦች ብቻ ነበሩ። የአርመንና የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት በሃይማኖት አንድ ናቸው፤ የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ አባቶች በ1965 በአዲስ አበባ በተሰበሰቡ ጊዜም የአርመኑ ፓትርያርክ ተገኝተው ነበር። ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው በዚያ ሩቅ ደሴት ይህችን ደጅ ሲሳለም በባዕድ ቤት አይደለም።

ከዚያ ወደ ካምፖንግ ግላም፣ ወደ ማላዮችና ወደ ዐረቦች አሮጌ ሰፈር ይደረሳል። የሱልጣን መስጊድ የዛሬው ሕንፃ በ1932 የተፈጸመ ሲሆን፣ ነዳፊው ዴኒስ ሳንትሪ የተባለ አርክቴክት ነው። ከወርቃማው ጉልላት ሥር ጥቁር ቀለበት ይታያል። ቀረብ ብሎ ያስተዋለው ሰው ቀለበቱ የጠርሙስ ቂጥ መሆኑን ይረዳል። ሀብታሙ ገንዘብ ሲያዋጣ ድኻው ከሥራው እንዳይለይ የመስተዋት ጠርሙስ እንዲያመጣ ተደርጎ፣ ጠርሙሶቹ በረድፍ ተደርድረው ለጉልላቱ ጌጥ ሆኑ። ለሕንፃ ሥራ ባለሙያ ከዚህ የሚበልጥ የሕዝብ ተሳትፎ ትምህርት በቀላሉ አይገኝም። በመስጊዱ ዙሪያ ካሉት ምግብ ቤቶች ሙርታባክ ይበላል። ጋጋሪው የቅባት ሊጡን በአየር ላይ እያወዛወዘ እንደ ሻሽ ያሳሳዋል፤ የተከተፈ ሥጋ፣ ሽንኩርትና እንቁላል ሞልቶ በአራት ማዕዘን ያጥፈዋል፤ በሰፊ ምጣድም ይጠብሰዋል። የሚጠጣው ደግሞ ከአንዱ ኩባያ ወደ ሌላው ከከፍታ እየተገለበጠ አረፋ የሚያወጣው ሻይ ነው።

ጀምበር ስትጠልቅ የቀኑ መጨረሻ በላው ፓ ሳት ይሆናል፤ ትርጓሜውም በሆኪየን ቻይንኛ አሮጌው ገበያ ማለት ነው። አስቀድሞ በባሕሩ ዳር ባለ ስምንት ማዕዘኑን ገበያ የሠራው ያው የአርመኖቹን ቤተ ክርስቲያን የነደፈው ኮልማን ነበር። ወሽመጡ ተሞልቶ ገበያው ሲፈርስ፣ የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ ጄምስ ማክሪቺ ስምንቱን ማዕዘን ጠብቆ አዲሱን ገበያ በ1894 አሠራ። ዓምዶቹና ቅስቶቹ በስኮትላንድ አገር በግላስጎ ከተማ ቀልጠው በቅርጽ የፈሰሱ ብረቶች ናቸው። በ1973 ገበያው ወደ ምግብ አዳራሽነት ተለወጠ፤ በዚያው ዓመትም ብሔራዊ ቅርስ ተባለ። በ1986 የምድር ውስጥ ባቡር መሥመር ሲቈፈር ንዝረቱ እንዳይጐዳው ብረቱ በሙሉ ተፈታ፤ ከሥራው በኋላ እንደገና ተገጣጥሞ ተከፈተ። ያንን ሁሉ ብረት ፈትቶ ከማስቀመጥ አፍርሶ አዲስ መሥራት ይቀል ነበር። ከተማዪቱ ግን የሚበላበትን ቤት እንደሚጸለይበት ቤት ቆጠረችው።

ማታ ማታ ከአዳራሹ ጎን ያለው መንገድ ለመኪና ይዘጋና ጠረጴዛ ይዘረጋበታል። የሳቴ ጠባሾች በከሰል ፍም ላይ በቀጭን ዘንግ የተሰካ ሥጋ እያራገቡ ይጠብሳሉ፤ ከኦቾሎኒ ስጎ፣ ከሽንኩርትና ከኪያር ጋርም ያቀርባሉ። ጭሱ በረጃጅሞቹ የባንክ ፎቆች መካከል ይወጣል። ከመንገድ ተነሥቶ ወደ ጣራ የገባው ምግብ በፈቃድና በሰዓት ተወስኖ ወደ መንገድ መመለሱ ነው።

የቀኑ ሒሳብ ሲደመር የሚያስደንቀው የገንዘቡ ማነስ ነው። በአዳራሾቹ የአንድ ሳሕን ምግብ ዋጋ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 የሲንጋፖር ዶላር ያህል ነው፤ ይህም በዓለም ውድ ከሚባሉት ከተሞች በአንዲቱ ውስጥ ነው። ዛሬ ከ110 በላይ አዳራሾች አሉ፤ በውስጣቸውም ከ6,000 በላይ የምግብ ማብሰያ ክፍሎች ይገኛሉ። በ2016 ሚሸለን የተባለው የታወቀ የምግብ ቤቶች መመሪያ ለሁለት ትናንሽ ሻጮች ኮከብ ሰጠ። በታኅሣሥ 2020 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የሲንጋፖርን የምግብ አዳራሽ ባህል በማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ላይ አሰፈረው። ለከተማዪቱ በዚህ መዝገብ የመጀመሪያዋ ነው።

ነገር ግን ክብሩ በመጣበት ጊዜ ሥራው ራሱ በአደጋ ላይ ነው። የሻጮቹ መካከለኛ ዕድሜ ወደ 60 ዓመት ደርሷል። መረቁን ለመጣድ ሌሊት የሚነሣ፣ በጠባብ ክፍል በእሳት ፊት ሲቆም የሚውል ሰው ልጁን አስተምሮ ለቢሮ አበቃው፤ የደከመውም ልጁ እርሱ የቆመበት እንዳይቆም ነው። የፊተኞቹ ሻጮች ከመንገድ ሲነሡ የተሰጣቸው ዝቅተኛ ኪራይ ለኋለኞቹ አልቀጠለም፤ አዲስ ገቢው በጨረታ ተወዳድሮ ይከራያል። የሩዙ፣ የዘይቱና የጋዙ ዋጋ ይጨምራል። በላተኛው ግን በሥጋ ቤት ወይም በልብስ መደብር ያለ ማጉረምረም የሚከፍለውን ጭማሪ ለሽማግሌው ሳሕን መክፈል አይወድም። ከ1986 በኋላ አዳራሽ መሥራት ለረጅም ጊዜ ቆሞ ሳለ መንግሥት በ2011 አዳዲስ እንደሚሠሩ አስታወቀ፤ ከዚያም ወዲህ ወጣቶችን ከአንጋፋዎች ሥር የሚያሠለጥን መርሐ ግብር ተጀምሯል። ከ2021 መስከረም ጀምሮ ደግሞ በላተኛው ትሪውን ራሱ እንዲመልስ በሕግ ይገደዳል። እነዚህ ሁሉ የተገቡ ናቸው፤ ሆኖም ዋናውን ጥያቄ አይመልሱም፤ ይኸውም ርካሹ ምሳ የሚከፈለው ከማን ኪስ ነው? የሚለው ነው። ከተማው ካልከፈለ፣ በላተኛው ካልከፈለ፣ የሚከፍለው የአብሳዩ ጉልበት ነው፤ ጉልበትም በዕድሜ ያልቃል።

ከዚህ የሲንጋፖር የአንድ ቀን ጉዞ ለከተማ ባለሙያ የሚተርፈው ትምህርት እንግዲህ ሁለት ወገን ያለው ነው። የመጀመሪያው፣ በመንገድ ዳር የሚሸጥን ሰው ቈጥሮና መዝግቦ፣ ለደንበኛው ቅርብ የሆነ ቦታ፣ ውሃና ፍሳሽ አዘጋጅቶ ማንሣት እንደሚቻል ነው፤ ለዚያ ከተማ ይህ ከምዝገባው እስከ መጨረሻው አዳራሽ ድረስ ወደ ሃያ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ፈጅቶባታል፤ ነገር ግን ሻጩንም፣ በላተኛውንም፣ ወንዙንም አድኖላታል። መጠለያ ሳያዘጋጅ ሻጩን የሚያባርር ከተማ ግን ችግሩን ከአንዱ መንገድ ወደ ሌላው መንገድ ከማዛወር አያልፍም። ሁለተኛው፣ ጣራና ቧንቧ የሙያን ዕድሜ እንደማያራዝሙ ነው። ብረቱን ፈትቶ መልሶ መግጠም የሚችል መሐንዲስ ይገኛል፤ መረቁን ከአባቱ ተቀብሎ ለልጁ የሚያስተላልፍ ሰው ግን ኑሮው ከሥራው ካልተገኘ በቀር አይገኝም። የፕላን አዋቂው የሚነድፈው አዳራሽ ምን ያህል ዘመን እንደሚያገለግል በብረቱና በሲሚንቶው ብርታት ሲሰላ ኖሯል፤ በውስጡ ቆሞ የሚያበስለው ሰው ስንት ዘመን ሊኖርበት ይችላል የሚለው ስሌትም በዚያው ወረቀት ላይ ሊሰፍር ይገባዋል።